«የኔታ በሩን ቆለፉት»

ባሕር ዳር ሐዲድ የላትም። ባቡር ግን አላት፤ ያውም አንዲት ፉርጎ። በተሳቢ ተጭና በመራዊ መንገድ ስትገባ ሕዝቡ ዳርና ዳር ቆሞ አጨብጭቦላታል፤ ባለባጃጆቹም «ሐዲዱን ምነው ረሳችሁት?» እያሉ እስከ ሐይቁ ዳር ሸኝተዋታል። እዚያ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሥራዋ መሄድ አልነበረም። መንገደኛ በሚጭኑ ባቡሮች ላይ ሊገጠሙ የታሰቡት አዳዲስ የደኅንነት መሣሪያዎች፣ ጭስ ጠቋሚው፣ በአደጋ ጊዜ በራሱ የሚከፈተው በር፣ እሳት አፋኙ ጋዝ፣ ሁሉም መጀመሪያ እሷ ላይ ይሞከራሉ።

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር እናትዓለም ባጃጅ ውስጥ ሳለች ነጂው በመስታወቱ አያት። «ሰማሽ? ሰው ታድናለች የተባለችው ባቡር ሰው በላች» አላት።

የጣቢያው መኪና ጋራዥ ስለገባች ወደዚያው በኪራይ እየሄደች መሆኑን አልነገረችውም። በዚህ ከተማ ወሬ ከፖሊስ ቀድሞ እንደሚደርስ ከለመደች ቆይታለች። ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው፤ ባሏ እዚህ ኮሌጅ ሲቀጠር ተከትላው መጣች። ሙቀቱን ለመደችው፣ ዓሣውን ወደደችው፤ የሰዉን አነጋገር ግን አሁንም ገበያ ውስጥ እያስደገመች ነው የምትገበያየው።

ሳጅን አዘዘ በር ላይ ጠበቃት። አዘዘ የዳንግላ ልጅ ነው። ከአለቆቹ ጋር ሲያወራ ግን ዜና እንደሚያነብ ሰው ቃላቱን ያስተካክላል።

«ሟቹ ሀዲስ ይባላል፣ ኢንጂነር ነው። ትናንት እሑድ ሊሠራ ገብቶ እዚያው ቀረ። ዛሬ ጠዋት ባልደረቦቹ በሩን ሰብረው አገኙት» አላት።

«አንተ ግቢውን ያዝልኝ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ እሱን ብቻ።»

ፉርጎዋ ውስጥ ወንበሮቹ ገና ከላስቲካቸው አልወጡም። ከመንገደኛው ክፍል ጫፍ ላይ ከመታጠቢያ ቤት የማትሰፋ የኤሌክትሪክ ክፍል አለች፤ ሀዲስ እዚያ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል። ደም የለም፣ ቁስል የለም፤ ያንቀላፋ ነው የሚመስለው። 

ከደረቱ ሥር ወፍራም ጥቁር ገመድ ተጠቅልሏል። የገመዱ አንድ ጫፍ ከውስጥ ካለው መሣሪያ ጋር በብሎን ታስሯል። በሌላው ጫፍ የግድግዳ ሶኬት ከነሽፋኑ ተንጠልጥሏል። ዞር ብላ የመንገደኛውን ክፍል ስታይ ከፊተኛው ወንበር አጠገብ ግድግዳው ተቦድሷል፤ ወንበሩ ላይ ማዳመጫ ተትቷል።

«ይኼ ገመድ ምንድን ነው?»

«ወደ መንገደኛው ክፍል ድምፅ የሚወስድ ነው። ለጊዜው በበሩ በኩል አሳልፈነው ነበር» አለ ከኋላዋ የቆመው ሰው። የሥራው ኃላፊ ኢንጂነር ግሩም ነው፤ ክራቫቱ ወደ ጎን ዞሯል፣ እጁን የሚያደርግበት አጥቷል።

«ማን ነቀለው?»

«አላውቅም።»

«እንዴት ነው የሞተው ታዲያ?»

ግሩም ጣሪያው ላይ ያለውን ጠቋሚ አሳያት። «ባትሪ ጭሷል። ጭስ ጠቋሚው ትልቁን የመንገደኛ በር ከፈተ፣ እዚህች ክፍል ውስጥ ደግሞ ጋዙን ለቀቀ። ጋዙ እሳት የሚያጠፋው አየሩን ገፍቶ አስወጥቶ ነው።»

«ሰውንም እንደዚያው» አለች እናትዓለም። «ይቺ ትንሿ በር ከየት ወገን ተቆለፈች?»

«እሱን መሣሪያው አይለይም። መቆለፊያው ከውስጥም ከውጭም አለ። ጋዙ ከተለቀቀ ወዲያ የተቆለፈች እንደሆነ ደግሞ ጋዙ እስኪጠፋ ከየትም ወገን አትከፈትም። መንገደኛው ላይ እንዳይወጣ ተብሎ ነው።»

«ውስጥ ሰው ቢኖርስ?»

«ውስጥ ሰው አይኖርም ተብሎ ነው የታሰበው» አለ።

ግሩም ይዟት የገባበት የመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ዜማ የምትባል ወጣት ቴክኒሻን ስክሪን ፊት ተቀምጣለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «አንድ ነገር ላሳይሽ» አለቻት። «ጭስ ሲኖር ማይክሮፎኖቹ በራሳቸው ይከፈታሉ። የሰሙትን ወደ ጽሑፍ ቀይረው እዚህ ይልካሉ። ባቡር ውስጥ ሰው ቢጮህ ሹፌሩ እንዲያነበው ብዬ የሠራሁት ነው።»

ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር አለች፦ የኔታ በሩን ቆለፉት።

ዜማ ድምፁን ከፈተችው። ዘይት መጥበሻ ላይ ሲንጨረጨር የሚመስል የጋዝ ድምፅ፣ በዚያ ውስጥ የሀዲስ ጩኸት። ሦስቱም ዓይናቸውን ከጽሑፉ ሳይነቅሉ አዳመጡ። የኔታ። በሩን። ቆለፉት። ከዚያ በኋላ ያለው በጋዙ ተዋጠ።

«የኔታ ማናቸው?» አለች እናትዓለም።

ግሩምና ዜማ ተያዩ።

የኔታ መርስዔ ኀዘን ከሐይቁ ዳር ካሉት ደብሮች ባንዱ መሪጌታ ናቸው። ደግሞም የባቡሯ ድምፅ ናቸው። «በሩ ሊዘጋ ነው፤ እባክዎ ፈቀቅ ይበሉ» የሚለውን ማስታወቂያ ለማስቀዳት ሀዲስ ነው ፈልጎ ያመጣቸው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ የማይታዘዝ የለም ብሎ። ወርክሾፑ ውስጥ ሁሉም ሰው አንተና አንቺ ይባባላል። አንቱ የሚባሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ቆለፉት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም።

የግቢው ጥበቃ ምሥጋና ቆቡን እያሻሸ አዘዘ አጠገብ ይጠብቃት ነበር።

«የኔታ ትናንት ምሳ ከተበላ በኋላ ገቡ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጡ። ሌላ ሰው አላየሁም» አላት።

«ሲወጡ እንዴት ነበሩ?»

«ሰላም አልኋቸው። ዘግተውኝ አለፉ። እንዲህ አያደርጉም ነበር ድሮ።»

«ከሀዲስ ጋር ተጣልተው ያውቃሉ?»

ምሥጋና ግራ ቀኙን አየ። «ያን ሰሞን ጩኸታቸው እስከዚህ በር ይሰማ ነበር። ‹ድምፄን አትቀንስብኝ!› ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔ እንግዲህ የሰማሁትን ነው።»

እናትዓለም ወደ ግሩም ተመለሰች። አዎን፣ አንዳንዶቹን ማስታወቂያዎች በኮምፒውተር ድምፅ ለመተካት አስበዋል። አዎን፣ የሚቀንሰውን የሚመርጠው ሀዲስ ነው። እንግዲህ ምክንያቱም ተገኘ። ነገሩ እንዲህ እጅ በእጅ ሲገጣጠም ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ አላላትም። ለአንድ ማስታወቂያ ብሎ ሰው የሚገድል መሪጌታ አልዋጥልሽ አላት።

የኔታን ያገኘቻቸው ከሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ነው። ተማሪዎቻቸውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ እያስቀጸሉ ዓይናቸውን ከልጆቹ አፍ አይነቅሉም። ቀርባ እጅ ነሣች፤ የሀዲስን መሞት ፊት ለፊት ነገረቻቸው። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ለቀቁት። መሬት ተቀመጡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ነጠላው እንደተጣለ፣ «የኔታ፣ ትናንት የት ነበሩ?» አለቻቸው።

ዝም።

ነጠላውን ገለጥ ሲያደርጉ ደገመችላቸው።

«ዘጌ ተሻግሬ ነበር፤ በጀልባ። የዘመድ ተዝካር ነበረብኝ።»

«ከማን ጋር ሄዱ?»

«ደኅና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

እናትዓለም እየሸሿት መሰላት። አዘዘ ወደ ጀልባ ተራው ሄዶ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። እሑድ ከሰዓት ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ሲናወጥ ነው የዋለው፤ አንዲት ጀልባ ንቅንቅ አላለችም። መሪጌታው ዋሽተዋል። በተማሪዎቻቸው ፊት በካቴና እንዳይሆን ብላ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ተከራየችው ባጃጅ ወሰደቻቸው።

ነገሩን ግን እንዲሁ አልተወችውም። ከሰዓት በኋላ ዜማ ስልክ ደወለችላት። «ግሩም ከሀዲስ ጋር ስለ ጋዙ ተጨቃጭቆ ነበር። ልደብቅሽ አልፈለግኩም» አለቻት።

ግሩምን ቢሮው አገኘችው።

«ጋዙ ከመለቀቁ በፊት ሲረን መጮህ ነበረበት አይደል? ውስጥ ያለ ሰው እንዲወጣ የሚጠብቅ ነገር አለው ይባላል።»

ግሩም ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ከመስኮቱ ማዶ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። «ነበረው። እንግዶች ሊጎበኙን ሲመጡ አነሣሁት። ሲረኑ ያስደነግጣቸዋል፤ ጋዙ ወዲያው ቡፍ ሲል ደግሞ ያምርላቸዋል። ሀዲስ መልሰው አለኝ። ጮኸብኝ። ‹ሰኞ እመልሰዋለሁ› አልኩት።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ዛሬ ሰኞ ነው።»

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ልጄን ክርስትና አስነሥቼ ቤቴ በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። ግማሹ መሥሪያ ቤት መጥቷል። እኔ አልቆለፍኩበትም፤ ግን እንቅልፍ የሚወስደኝ ከመሰለሽ ተሳስተሻል።»

አጣራች፤ ከድግሱ ንቅንቅ አላለም። እንዲያ ሲሆን የቀሩት የኔታ ብቻ ሆኑ።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ካህናቱ «አባታችንን ያለ ስማቸው» ብለው ጣቢያ ድረስ መጡ። ሀዲስን መራዊ ቀብረው የተመለሱ ዘመዶቹ ደግሞ «ሟች ራሱ የመሰከረበት ነገር ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» እያሉ በር ላይ ቆሙ። የእናትዓለም አለቃም ፋይሉ ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ ብሎ አስቸኮላት።

እሷ ግን አንድ ነገር ከነከናት፤ «ከማን ጋር ሄዱ?» ስትላቸው «ደኅና ናቸው» ማለታቸው። የእሥር ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት በበሩ ፍርግርግ በኩል ስታያቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ዳዊት ይደግማሉ። «የኔታ» አለች። አልዞሩም። የቁልፉን ዘለላ በሲሚንቶው ወለል ላይ ጣለችው፤ ኮሪደሩ ሙሉ አስተጋባ፤ በር ጠባቂው ፖሊስ እንኳ ደንግጦ ተነሣ። እሳቸው ግን ገጹን ገለጡ።

ገብታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ቃሏን ቀስ አድርጋ፣ በከንፈሯ አሳይታ፣ «የኔታ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰሙት?» አለቻቸው።

የሽማግሌው ፊት እንደ ሌባ ልጅ ፊት ደነገጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

ዳዊታቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ሁለት ክረምት ሆነው። ማኅሌት ላይ ከፊቴ የሚቆመውን ደብተራ ከንፈር እያየሁ ነው የምከተል። ቢታወቅብኝ ደብሩ ምን ይለኛል? ጆሮ የሌለው መሪጌታ ምን ያደርግላቸዋል? ሀዲስ ብቻ ነበር ያወቀብኝ። ዜማዬን በሙሉ ቀዳልኝ። እሑድ እሑድ እዚያች ፉርጎ ውስጥ ያስቀምጠኝና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ያደርግልኛል፤ ድምፁን እስከ ጥግ ይከፍትልኛል። የራሴን ድምፅ የምሰማው እዚያ ብቻ ነው፣ ልጄ። ‹ድምፄን አትቀንስብኝ› እለዋለሁ፤ እሱ ጆሮዎ ይጎዳል ይለኛል፤ እጮህበታለሁ።»

እናትዓለም የምሥጋናን ቃል አስታወሰችና አፈረች። «ያን እሑድስ?»

«ድምፁ ድንገት ተቋረጠ። ቀና ስል ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ትንሿ በር ዝግ ናት። ሀዲስ ‹ይብቃዎት፤ ይሂዱ› ማለቱ መሰለኝ። ማዳመጫውን ወንበሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። ስትመጭብኝ ዘጌ ሄድሁ ብዬ ዋሸሁ። ፉርጎዋ ውስጥ ነበርሁ ያልሁ እንደሁ ለምን ሄድህ ልትይኝ ነው።»

«ትንሿን በር አልነኩም?»

«አልነካሁም።»

አመነቻቸው። ሆኖም ማመን ማስረጃ አይሆንም። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቃል ማወቅ ነበረባቸውና ነገረቻቸው። የኔታ ከንፈሯን እያዩ ቃል በቃል ተቀበሏት።

«ሀዲስ ነው እንዲህ ያለ? በራሱ አፍ?»

«አዎን።»

«ሀዲስ አይዋሽም» አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እንግዲያስ ቆልፌው ይሆናል። ስነሣ ተደግፌ፣ ሳላውቅ፣ እጄ ነክቶት ይሆናል። ጻፊው፣ ልጄ። ቆለፈ ብለሽ ጻፊው፤ እፈርማለሁ።»

«የኔታ፣ ያላደረጉትን አይፈርሙም።»

«የሞተ ልጅ በእኔ ላይ ሐሰት አይናገርም» አሉ።

እናትዓለም የእምነት ቃሉን መጻፍ ለነገ አሳደረችው። ነገ ግን ነገ ነው፤ ሽማግሌው ይፈርማሉ፣ አለቃዋ ይቀበላል፣ ዐቃቤ ሕጉም ደስ ይለዋል።

በማግሥቱ ጠዋት የሀዲስ እናት ወይዘሮ አገርነሽ የልጃቸውን ዕቃ ሊወስዱ መጡ። ከመራዊ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍረው፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው፣ ብቻቸውን። ዘመዶቻቸው በር ላይ ሲጮኹ እሳቸው ዝም ብለው አልፈው ገቡ። እናትዓለም ወንበር ሳበችላቸው፤ ለሐዘንተኛ ምን እንደሚባል ሁልጊዜ ይጠፋታልና የመጣላትን ጠየቀች።

«ለብቻዎ ነው የሚኖሩት አሉኝ። ቤቱን ለማን ትተው መጡ?»

«ለማን ልተወው ብለሽ። ቆለፉት፤ መጣሁ።»

«እነማን ናቸው የቆለፉት?» አለች እናትዓለም፤ ዘመድ ከዘመድ ተጣልቶ በውርስ ቤት የሚቆላለፍበትን ስንቱን ፋይል አይታ።

ወይዘሮ አገርነሽ ቀና ብለው አዩዋት። «ምን እነማን አለ? እኔው ነኛ! እኔ ቆለፍ-ሁት አልሁሽ እኮ። ሀዲስም አዲስ አበባ ከርሞ በመጣ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚሆን። ኋላማ አፉ ተለወጠ። ‹ቆለፍኩት፣ ሄድኩ› ይለኛል። የተቆጣ ወይም የደነገጠ እንደሁ ነው የቤቱ አፍ የሚመለስ።»

የእናትዓለም እጅ በዕቃው ማስረከቢያ ላይ ቀረ። «እባክዎ፣ አንዴ ይድገሙልኝ።»

«ምኑን?»

«በሩን ምን አደረጉት?»

«በሩን ቆለፍሁት።»

«ሁ» የምትለዋ ድምፅ ከአፋቸው ስትወጣ ትንፋሽ ብቻ ነበረች። በጋዝ ጩኸት ውስጥ ብትሆንማ ማንም አይሰማትም።

እናትዓለም እየሮጠች ወጣች። አዘዘን ከኮሪደሩ ጎትታ መቆጣጠሪያ ክፍሉ እስክታደርሰው ምንም አልነገረችውም። ዜማ ስክሪኑን እንድታጠፋ አደረገች። «አንተ ይህን ድምፅ ሰምተህ አታውቅም አይደል? ጽሑፉን አትመልከት። የምትሰማውን ብቻ በወረቀት ጻፍልኝ።»

ዜማ ከፈተችው። አዘዘ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ፤ አንዴ አስደገመ፤ ጻፈና ዘረጋላት። እንዲህ ይላል፦ የኔታ! በሩን ቆለፍሁት! ይውጡ!

«‹ይውጡ› ራሱ አለ?»

«ቀጠን ብሎ አለ። ጋዙ በላው እንጂ። ምነው፣ ሌላ ምን ሰምታችሁ ነበር?»

ዜማ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ድምፁን ያዳመጡት ሦስት ሰዎች ሦስቱም ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፤ ያዳመጡትም እያነበቡ ነው። «መሣሪያውን ያስተማርኩት በአዲስ አበባ ሰዎች ድምፅ ነው» አለች ዜማ። «እዚያው ስለነበርኩ ጓደኞቼን ሰብስቤ ቀዳሁ። ‹ቆለፍሁት› የሚባል ቃል ሰምቶ አያውቅም። የሚያውቀውን ጻፈ። አፏን ከጎጃም አምጥተን ጆሮዋን ከአዲስ አበባ ሰጠናት።»

«አንተስ ከእኔ ጋር ‹ጠየቅኩ፣ ሄድኩ› የምትለው ለምንድን ነው?» አለች እናትዓለም ወደ አዘዘ ዞራ።

አዘዘ አንገቱን አከከ። «ቢሮ ነው ብዬ ነዋ።»

የቀረውን ፉርጎዋ ራሷ ነገረቻቸው። እናትዓለም ከፊተኛው ወንበር አጠገብ የተቦደሰውን ግድግዳ በእጇ ዳሰሰችው። ሶኬቱን የያዙት ብረቶች ሁሉ ወደ ትንሿ በር ተጣመዋል፤ በሙሉ ጉልበት የተጎተተው ከዚያ ወገን ነው። ገመዱ በበሩ መሐል እስካለ ድረስ ትንሿ በር አትገጥምም። ሀዲስ ባትሪው ሲጨስ ሽማግሌውን ተጣራ፤ አልሰሙም። እንደማይሰሙ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሮጦ ቢወጣ በሩ ተከፍቶ ይቀራል፤ ጋዙም ማዳመጫ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው በተቀመጡት ሰው ላይ ይመጣል። ሲረን የለም፣ ፋታ የለም። ገመዱን ወደ ውስጥ ጎተተው። በዚያች ቅጽበት የየኔታ ዜማ ተቋረጠ፤ ቀና አሉ፤ ክፍት በር አዩ። እሱ ግን በሩን ከውስጥ ቆልፏል።

እናትዓለም ላስቲክ የለበሰ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። አዘዘ ያላየ መስሎ ወደ ውጭ ወጣ።

ግሩም ያን ቀን ራሱ ጣቢያ መጥቶ ሲረኑን ያነሣው እሱ መሆኑን ቃሉን ሰጠ። ማንም አልጠራውም ነበር።

ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። የኔታ ነጻ ናቸው፤ ግን ነጻ ያወጣቸውን ነገር መንገር አለባት። እንዲያው «አጣርተናል፤ ይሂዱ» ብላ ብትሸኛቸውስ? ኮሪደሩ ላይ ቆማ ይህን አሰበች። ሽማግሌ ናቸው፤ ይህን ተሸክመው ስንት ቀን ይኖራሉ? ነገር ግን ካልነገረቻቸው ሀዲስ ከስሷቸው እንደሞተ እያሰቡ ሊኖሩ ነው። እሱ ይብሳል።

ለወይዘሮ አገርነሽ አስቀድማ ነገረቻቸው። እናት ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ አንዴ ብቻ «‹ቆለፍሁት› አለ? እንደ ቤቱ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ «እኒያን ሰውዬ አምጭልኝ» አሉ። በር ላይ ያሉት ዘመዶች ሲንጫጩ ወጥተው በአንድ ቃል ዝም አሰኟቸው።

የኔታ ገብተው ተቀመጡ። እናትዓለም ከፊታቸው በርከክ ብላ፣ በከንፈሯ እያሳየች፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው።

«ጠርቶኝ ነበር?» አሉ የኔታ።

«ጠርቶዎት ነበር።»

«እኔ የራሴን ድምፅ ስሰማ?»

ሽማግሌው ከወንበሩ ተንሸራተው በወይዘሮ አገርነሽ እግር ሥር ወደቁ። «ልጅሽን ባለመስማት ገደልሁት» አሉ። «ከእንግዲህ በደብሩ አልቆምም። ዜማም አላዜም። ለሁሉም እነግራለሁ፤ ደንቆሮ ነኝ እላለሁ።»

ወይዘሮ አገርነሽ አንገታቸውን ደፉ። ጥቁር ነጠላቸው ጫፍ ላይ ጣታቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ሲናገሩ ድምፃቸው ከመሬት የሚወጣ ይመስል ነበር፤ «ይንገሩ። እውነት ነው፤ ይነገር። ለሰባቱ ግን የልጄን ፍትሐት የሚያደርሱ እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ሰው አላስገባም።»

የኔታ ምንም አልሰሙም። ፊታቸው ወለሉ ላይ ነበር።

ሴትዮዋ ይህን ሲያዩ ከወንበራቸው ወረዱ። መሬት ላይ አጠገባቸው ተቀመጡና የሽማግሌውን አገጭ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀና አደረጉት፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ያሉትንም እንደገና፣ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል አሏቸው።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልችልም፣ ልጄ። አልሰማም። ዜማው ይሰበርብኛል።»

«እርስዎ ያዚሙ» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ። «መስማቱን ለእኔ ይተዉት።»